ሁለት ጊዜ የተዘለለው ግቢ

መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስቴፈን ዋል የክትባት ሳጥኑን እንዳንጠለጠለ በድንገት ከመንገድ ወጥቶ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ጀርባ ተደበቀ።

አብራው የነበረችው ሲስተር ኮከብ እባብ ያየ መስሏት ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች። ዙሪያዋን ብታማትር ግን እባብ የለም። ያለው የባሮን ወንዝ ዳር ተከትሎ ወደ ሰፈሩ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን በራሷ የተሸከመች ረጅም ሴት እየመጣች ነበር። ሴትዮዋም ስቴፈንን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ የትከሻዋን ጨርቅ ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ መንገዱን ለቅቃ፣ በደረቀው ሣር ውስጥ ዞራ ወደ ሰፈሩ አለፈች።

«ውጣ እንግዲህ፤ ሄደችልህ» አለች ኮከብ። «ምን አድርገሃታል? ፖሊስ ናት?»

ስቴፈን ከሸሚዙ ላይ ቅጠል እያራገፈ ወጣ። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ፣ የጋምቤላ ክልል የራሱን መስተዳድር ካቋቋመ በኋላ ከአካባቢው ልጆች መካከል ተመርጠው ለክትባት ሥራ ከሠለጠኑት አንዱ ነበር። በዚህም ይኮራ ነበር። ሸሚዙን ማታ አጥቦ ጠዋት የሚለብስ ልጅ ነው።

«ምንም አላደረግኋትም፣ ሲስተር። የኛይየን እናት ናት።»

«ኛይየን ደግሞ ማናት?»

«የማገባት ልጅ ናት።»

ኮከብ በሳቅ ፈነዳች። የጎሬ ልጅ ናት፤ ጋምቤላ ከመጣች ብዙ ዓመቷ ነው። ሙቀቱንም ትንኙንም ለምዳለች፤ አማቱን አይቶ ክትባት ይዞ የሚሮጥ ሠራተኛ ግን አይታ አታውቅም።

«አማትህ ናታ! አማት እንደ ጅብ ይሸሻል እንዴ?»

«በእኛ በኑዌር ወግ አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም» አለ ስቴፈን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «እሷ ባለችበት አልበላም፤ ግቢዋ አልገባም፤ መንገድ ላይ ካገኘኋት መሸሽ ያለብኝ እኔ ነኝ። ጥል አይደለም፣ ሲስተር፤ ማክበር ነው። ልጅ ከወለድን በኋላ እየላላ ይሄዳል።»

ኮከብ መሳቋን አላቆመችም ነበር። «ግቢዋ አልገባም» ያለው ቃል ግን ትንሽ ቆይቶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ሳቋ ቆመ።

«ቆይ እስኪ። በጥር ወር ይህን ሰፈር የከተብከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«በየካቲትም?»

«በየካቲትም እኔ ነኝ።»

«የእሷን ግቢስ?»

ስቴፈን ሳጥኑን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ አዛወረ። ያን ጊዜ የተሰማውን ሐፍረት የሚያውቀው ሰው በቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሞ ስሙ የተጠራበት ብቻ ነው።

«ዘለልኩት» አለ።

ሁለቱ በዚያ ጠዋት የወጡት በዋዛ አልነበረም። ከሰፈሩ በላይ ባለው መንደር ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት እየሞቱ ነበር። ክትባቱ በአውሮፕላን የመጣው ገና ከትናንት ወዲያ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶም በጋምቤላ የመጋቢት ፀሐይ ቢበዛ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው የሚቆየው።

«ስንት ልጆች አሏት?»

«ከኛይየን ሌላ ሁለት ትንንሾች። ኒካው የሚባል ወንድ ልጅና ያልጠነከረች ሕፃን።»

«አንተ ሰው!» አለች ኮከብ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እንዲህ ያለ ድንቁርና ይኖራል? ካፈርክ ለምን ለቢሮ ነግረህ ሌላ ሰው አላስላክህም?»

«ለማን ልናገር፣ ሲስተር? ‹አማቴን ስላፈርኩ ነው› ብዬ ለአለቆቼ ልናገር? ይስቁብኛል። አሁን እርስዎ ስቀው የለ?»

ኮከብ ይህን ስትሰማ በተራዋ አቀረቀረች። ዳገቱን ጨርሰው ከላይ ሲደርሱ በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አለች፤

«እናቴ የአማቷን ስም አንድ ቀን ሳትጠራ ነው የሞተችው። ስሙ ወርቁ ነበር። ስለዚህ ወርቅን ራሱን ወርቅ አትልም፤ ‹ያ ቢጫው› ነበር የምትለው። በአንተ መሳቅ አልነበረብኝም። ግን ስማኝ ልጄ፤ እናቴ በዚያ ወግ ምክንያት ልጅ አልቀበረችም። ወግህን ጣል አልልህም። ግቢውን ግን አትዘልም።»

«እንዴት አድርጌ ልግባ?»

«አትገባም። ከአጥሩ ውጭ ጀርባህን ሰጥተህ ትቆማለህ። እኔ እገባለሁ። አንተ የእኔን ለእሷ፣ የእሷን ለእኔ ታስተረጉማለህ። ከእሷ ጋር እየተነጋገርክ አይደለም፤ ለእኔ ነው የምትሠራው።»

ስቴፈን አሰበበት። እንዲህ ያለውን ነገር ወጉ አይፈቅድም፤ አይከለክልምም። ሽማግሌዎቹ አስበውት አያውቁም።

ኛኩዎል ይባላል የአማቱ ስም፤ ስቴፈን ግን አንድም ጊዜ አልጠራውም። ባሏ ቢየል ባለፈው ዓመት ከሞተ ወዲህ ከማታር አካባቢ ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማው ዳር መጥታ፣ ከወንዙ ወዲያ እንጨት እየለቀመች ገበያ ትሸጣለች። አንዲት ጎጆ አለቻት። የሸምበቆው አጥር ግማሹ ወድቋል፤ የቀረውም ዘንበል ብሏል። ስቴፈን ዘንበል ባለው በኩል ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ኮከብ ሳጥኑን ተቀብላው ገባች።

ኛኩዎል የላም ቆዳ አነጠፈችላት። በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ ሰጠቻት። «ከውሃ ሌላ የለኝም» ስትል ዓይኗ ከእንግዳዋ ሸሸ።

«ውሃ መቼ ትንሽ ነገር ሆነ፣ እህቴ» አለች ኮከብ። ጾም ላይ ብትሆንም ጣሳውን ተቀብላ ከንፈሯን አስነካችው። «ልጆችሽን ከኩፍኝ የሚጠብቅ ክትባት ይዘን መጥተናል።»

ስቴፈን ይህን በኑዌርኛ ለአየሩ ተናገረ። ኛኩዎልም ለአየሩ መለሰች፤ መልሷ ግን ረጅም ነበር። ድምጿ እየጨመረ ሄደ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች» አለ ስቴፈን።

«ውሸት!» አለች ኛኩዎል በአማርኛ።

ኮከብ ደንግጣ ዞረች።

«እኔ ገበያ እንጨት እሸጣለሁ፤ አማርኛ እሰማለሁ» አለች ኛኩዎል በጣቷ ጆሮዋን እየነካች። «እንኳን ደህና መጣችሁ አላልኩም። ለአጥሩ ንገሪው፤ በደንብ ያስተርጉም።»

ኮከብ ሳቋን ዋጠች። «በደንብ አስተርጉም ተብለሃል።»

ስቴፈን ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ራሱ የተነገረውን በራሱ አፍ ሊናገር ነው።

«‹አጥሩ ሥር የቆመውን ጀርባ ጠይቂልኝ› ትላለች። ‹የጎረቤቶቼን ልጆች ሁሉ ሲከትብ የእኔን ግቢ ለምን አለፈ? ልጆቼ ከሰው ልጅ ያንሳሉ? ወይስ አጥሬ ስለፈረሰ የሰው ቤት አልመሰለውም? መጀመሪያ የመጡ ቀን ልጆቼን አጥቤ፣ ፀጉራቸውን ላጭቼ፣ በር ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ጎረቤቶቼ አዩኝ። አለፈን። ሁለተኛም ጊዜ አጠብኳቸው። አለፈን። ከዚያ ልጆቼን ወደ ቤት አስገባሁ› ትላለች።»

ስቴፈን ልጆቹ ታጥበው እንደነበር አላወቀም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያሰበው ስለ ራሱ ሐፍረት ብቻ ነበር። ሰው ሲያፍር ዓይኑን ወደ መሬት ስለሚያደርግ ሌላውን አያይም፤ የሐፍረት ክፋቱ ይህ ነው።

«ንገራት» አለች ኮከብ፤ «ልጁ የዘለለሽ ንቆሽ አይደለም፣ አክብሮሽ ነው በላት።»

«ሲስተር፣ ይህን እኔ እንዴት ልናገር?»

«ተርጉም ብዬሃለሁ!»

ስቴፈን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ተናገረ። ኛኩዎል ሰምታ ስትጨርስ ያላሰቡት ሆነ፤ ፊቷን ዘወር አድርጋ ፈገግ አለች።

«‹እንዲህ ከሆነ ወግ ያውቃል ማለት ነው። የኛይየን አባት ቢኖር ይወደው ነበር› ትላለች። ‹መርፌውን ግን አሁን አልፈልገውም። ጊዜው አልፏል›።»

«ለምን አትፈልጊውም?»

«‹ኒካው አልታመመም። ያልታመመ ልጅ ለምን ይወጋል?›»

ኮከብ ይህን ጥያቄ በሄደችበት ሁሉ ሰምታዋለች። «እህቴ፣ ባሮ ሲሞላ ጎጆሽን ወደ ከፍታው የምታወጪው ውሃው እግርሽን ከነካ በኋላ ነው?»

«‹በፊት ነው። ባሮን ግን ሲሞላ አየዋለሁ። ይህን በሽታ አላየውም።›»

«ያየሽው ቀን ከቤት ገብቷል ማለት ነዋ። እኛ የምንመጣው ሳይታይ ነው።»

ኛኩዎል ራሷን ነቀነቀች፤ ግን አልጨረሰችም። «‹የጎረቤቴ ልጅ ተወግቶ ሲያተኩሰው አደረ። ጤነኛ ልጅ ወስደው ታማሚ መለሱላት።›»

«አልዋሽሽም፤ ሊያተኩሰው ይችላል» አለች ኮከብ። «ቀን ተኩል፣ ሁለት ቀን። በእርጥብ ጨርቅ ታብሽዋለሽ፣ ጡት ትሰጪዋለሽ፣ ያልፋል። ኩፍኝ ግን በዚህ አይመለስም፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል። በላይኛው መንደር ያሉት እናቶች ዛሬ አንድ ሌሊት ትኩሳት ብቻ ቢሆንላቸው ምን በሰጡ!»

«‹ክንዳቸው ላይ ምልክት ይቀራል› ትላለች። ‹ምልክት ያለው ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። የእኛን ልጆች ምልክት የሚያደርግባቸው ማነው?›»

ኮከብ የቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ በልጅነቷ የተከተበችበትን ጠባሳ አሳየቻት። «ይኸው እኔም አለብኝ። የኔ ባለቤት ማነው?»

«ባልሽ» አለች ኛኩዎል በአማርኛ፣ ሳትዘገይ።

ኮከብ ሳቀች፤ ከጎጆው ውስጥም የኛይየን ሳቅ ተሰማ። ስቴፈን እንኳን አጥሩን ተደግፎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ግን ኛኩዎል ቀጥላ የተናገረችው ሳቁን አጠፋው።

«‹ቀልዴን ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እኛ አገር ሰዎች መጥተው ወንድ ልጆችን ቆጠሩ። እንመግባቸዋለን፣ እናስተምራቸዋለን አሉ። የተቆጠረው ሁሉ ሄደ። የእህቴ ልጅ ሄዶ አልተመለሰም። እናንተም ስም ትጽፋላችሁ፣ ትቆጥራላችሁ። ኒካው ወንድ ልጅ ነው›።»

ኮከብን ሥልጠናው ላይ ይህን አላስተማሯትም። «እኛ እንደነሱ አይደለንም» ማለት ትችላለች፤ ያኔ የመጡትም ይህንኑ ብለው ነበር። ሳጥኑን ነካችው፤ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ሌሎች ቤቶች ይጠብቃሉ። ኛኩዎል በትሕትና «ውሃውን ጠጪና ሂጂ፤ አመሰግናለሁ» አለች። ኮከብም ተነሣች።

ስቴፈን ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰምቷል። አንድ የሚያውቀው ነገር ነበር። አማቱን የሚመልሳት ነገር ያ ብቻ መሆኑንም ያውቃል። ነገሩ ግን ስለ ጥሎሽ ከብቶች ነው። አማች ለአማቱ ስለ ጥሎሽ ከብት አፉን ከፈተ ከተባለ፣ ያ ሰው በሰፈሩ ወጣቶች መካከል ቀና ብሎ አይሄድም። ኛይየንንም ሊከለከል ይችላል። ኮከብ የሳጥኑን ክዳን ስታጠብቅ ሰማ። ያን ጊዜ ማንም ሳያዘው፣ የማንንም ቃል ሳያስተረጉም፣ ጀርባውን እንደሰጠ በኑዌርኛ መናገር ጀመረ።

«ባለፈው ዓመት አጎቴ ለዚህ ቤት ላሞች ነድቶ መጣ። ከላሞቹ አንዷ ግራጫ ነበረች። አልታመመችም፤ ወተቷም መልካም ነበር። ነገር ግን የከብት ሐኪሞች ደጋዎቹ ‹ደስታ› የሚሉትን የከብት እልቂት ለመከላከል ሲከትቡ፣ የተከተበውን ከብት ጆሮ ለምልክት ቆርጠው ይለቁት ነበር። የግራጫዋ ጆሮ ሙሉ ነበር። ከዚህ ግቢ ‹ጆሮዋ ያልተቆረጠ ላም ከከብቶቻችን ጋር አትቀላቀልም፤ ጤነኛ መሆኗ ዛሬ ነው› ተባለ። አጎቴ አልተቆጣም። ልክ ናቸው ብሎ መለሳት፤ አስከትቦ አመጣት። የተቆረጠ ጆሮ ያላቸውን ላሞች ማንም ቆጥሮ አልወሰዳቸውም፤ እስከ ዛሬ በቢየል ወንድም በረት ናቸው። ይህን ያህል ለላም የታወቀ ነገር ለኒካው እንዴት ጠፋ?»

ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ልጆቹ ታጥበው እንደጠበቁኝ አላወቅኩም። ወጉን ሳከብር ልጆቹን ጣልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን የእኔን ጥፋት በልጆቹ ላይ አትጨምሩት።»

ኮከብ አንድ ቃል አልገባትም። ያየችው የሴትዮዋ ፊት መጀመሪያ በቁጣ ሲጠቁር፣ ቀጥሎ ደግሞ ሲወድቅ ነው።

«አጥሩ አፍ አወጣ» አለች ኛኩዎል በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። ቆዳው ላይ ተቀመጠች። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ከእጇ ሥር የተናገረችውን ስቴፈን አስተረጎመው።

«‹ላሚቱን የመለስኳት እኔ ነኝ› ትላለች። ‹የባሌ ወንድም ሊቀበላት ነበር። እኔ ነኝ ጆሮዋን ያየሁት›።»

አንባቢ እዚህ ላይ «ድሃ ስለሆነች አላወቀችም» ይል ይሆናል። እውነቱ ሌላ ነው። ኛኩዎል መከላከል ምን እንደሆነ ከብዙ ሹማምንት ይበልጥ ታውቅ ነበር። ያጣችው ልጆቼም ይገባቸዋል የምትልበትን ልብ ነው። ያንን ልብ የወሰዱባት በበሯ ያለፉት ሁለቱ ዙሮች ናቸው።

«ኛይየን! ኒካውን አምጪው» አለች።

ኒካው አራት ዓመቱ ነው። መርፌውን ሲያይ የኮከብን እጅ ሊነክስ ሞከረ፤ ኋላ ግን ጮኾ ጨረሰ። ኮከብ ክንዱን እያሸች፣ «አሁን ትንሿን» አለች።

«ትንሿ ተኝታለች» አለች ኛይየን። ወደ እናቷ ተመለከተች።

«ቀስቅሰሽ አምጪያት» አለች ኛኩዎል።

ሕፃኗ ኛኪየር ትባላለች፤ አሥራ አንድ ወሯ ነው። ኛይየን ይዛት ስትወጣ ፀሐዩን ሸሽታ ፊቷን በእህቷ አንገት ውስጥ ቀበረች። ኮከብ ቀና አደረገቻት። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ አፍንጫዋ ይፈሳል፤ ከጆሮዋ ኋላ ደቃቅ ሽፍታ ወጥቷል። ስትስል ድምፁ ከትንሽ ደረቷ የወጣ አይመስልም።

«ይህ መቼ ጀመራት?»

«ከእሑድ ወዲህ ነው። ጉንፋን ነው ብለን» አለች ኛይየን።

ኮከብ መርፌውን መልሳ አስቀመጠች። «ለእሷ ክትባት አሁን አይሆናትም። በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለባት።»

ስቴፈን እያስተረጎመ እያለ ኛኩዎል አቋረጠችው፤ በቀጥታ ለኮከብ፣ በገበያ አማርኛዋ።

«እኔ እሺ አልኩ። አሁን እሺ አልኩ እኮ። አንቺ ለምን እምቢ?»

«እምቢ አላልኩም፣ እህቴ። ክትባት በር መዝጊያ ነው፤ የገባውን ማስወጫ አይደለም። ለኒካውም ቢሆን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ከእሷ ጋር ነው የሚተኛው። ይድረስለት ብለን ነው የወጋነው። አሁን ተነሺ።»

ኛኩዎል ልጇን ተቀብላ ቆመች። ግን ከንጋት ጀምሮ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም ነበርና ሕፃኗን እንደያዘች መልሳ ቁጭ አለች። ኛይየን ከኒካው ጋር መቅረት ነበረባት። ኮከብ ደግሞ ብልቃጡን ከፍታዋለች፤ የተከፈተ ብልቃጥ አያድርም፤ ሰፈሩ ሙሉ ያልተከተበ ልጅ አለ።

ስቴፈን በወደቀው አጥር በኩል ተራምዶ ገባ።

ኛኩዎል ቀና አለች። ጨርቋን ወደ ፊቷ አልሳበችም። እሱም ዓይኑን መሬት ላይ አልተከለም። እንደዚያ ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ሕፃኗን ዘረጋችለት፤ ተቀበላት። ያን ንጹሕ ሸሚዙን ከፍቶ ፀሐይ እንዳይነካት ጋረዳት። ወጣ። እሷም ተከተለችው።

የባሮን ድልድይ ሲሻገሩ የሚያውቋቸው ሰዎች ቆመው አዩአቸው። አንድ ወጣት «ስቴፈን! ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» ብሎ በነገር ወጋው። ኛኩዎል ዞር ብላ፣ «ከእኔ ጋር» አለችው፤ ወጣቱም አፍሮ ከድልድዩ ጠርዝ ተጠጋ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሚቻለው ሁሉ ተደረገ። የዓይን መከላከያ የሆነውን ቫይታሚን ሰጧት፤ ውሃ በደም ሥሯ ገባ፤ ለሳንባዋም መድኃኒት ተወጋች። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ደጋግሞ መጥቶ አያት። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ኛኪየር በእናቷ ጭን ላይ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ስቴፈን ወደ ግቢው አልገባም። ከአጥሩ ውጭ፣ ያን ቀን በቆመበት ቦታ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሥራ አልሄደም። ኛይየን ውሃ ብታመጣለት አልጠጣም። አመሻሽ ላይ ኛኩዎል ወደ አጥሩ ተጠጋች። ወጉ ተመልሷል፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«የተቀመጠውን ሰው ንገሪው» አለች ለልጇ። «ሁለት ጊዜ ሲያልፍ በሸምበቆው ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ልጆቹን ይዤ ወጥቼ ወደ ከታቢዎቹ መሄድ እችል ነበር። ጎረቤቶቼ ‹ለምና አስከተበች› ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። እሱ በወጉ አፈረ፤ እኔ በድህነቴ አፈርኩ። ልጄ በሁለታችን ሐፍረት መካከል ነው የወደቀችው። አሁን ውሃውን ይጠጣ። ነገ ሥራ አለው።»

ስቴፈን ውሃውን ጠጣ። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

ቅዳሜ ኮከብ ሌላ ሳጥን ይዛ ተመለሰች። የሰፈሩ ሴቶች ለልቅሶ ተሰብስበው ስላገኘቻቸው ስለ በሽታው ልታስተምራቸው ቆመች። ስለ ተሕዋስያንና ስለ መተላለፊያ መንገዳቸው መናገር ስትጀምር ኛኩዎል እጇን አነሣች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ። ይህን እኔ ልናገር። የእኔን ይሰሙኛል።»

እንዲህም አለቻቸው፤ ስቴፈን ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ለኮከብ አስተረጎመላት፤ በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አላለሰለሰም።

«ሴቶች፣ ላሞቻችንን ስናስከትብ አልፈራንም። ላም ስትሞት ሀብት ይሄዳል፣ ልጅ ሲሞት እንወልዳለን ብለን ይሆን? እኔ እንደዚያ ያሰብኩ አይመስለኝም ነበር። ሥራዬ ግን እንደዚያ ነበር። አሁን የተማርኩትን ስሙ። የተከተበ ልጅ አንድ ሌሊት ያተኩሰዋል፤ ያልተከተበው ሳምንት ይሰቃያል፤ ከዳነም ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ልጅ ሲታመም እናት እንጨት አትለቅምም፤ እንጨት ካልተለቀመ ሌሎቹም ይራባሉ። ክትባቱ በነፃ ነው። ልጅ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ለኩፍኙ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ለትክትኩ፣ ለሚያሽመደምደው በሽታ፣ ለመንጋጋ ቆልፉ የየራሱ አለው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተወግቶ አይበቃም፤ በተባላችሁበት ቀን ተመለሱ። ያረገዛችሁም ሂዱ። የሚያስለው ልጅ ካላችሁ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስተኙት፤ ‹ጉንፋን ነው› ብላችሁ አትቀመጡ።»

ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት፣ «ወንዶቹን ቢቆጥሯቸውስ?» አለች።

«ይቁጠሯቸው» አለች ኛኩዎል። «ኩፍኝም ቆጥሯቸዋል።»

«አንድ ነገር ልጨምር» አለች። «ወጋችንን አንጥልም። ግን በወግ ሰበብ ልጅ አንጥልም። ከታቢው አማች ከሆነ ሴት ከታቢ ትላክልን። ካለፉንም ዝም ብለን በቀዳዳ አንመልከት፤ ልጆቻችንን ይዘን እንውጣና ‹ረስታችሁናል› እንበል። ይህ ልመና አይደለም።»

ኮከብ በዚያው ቀን ብልቃጦቹን ጨረሰች። ቢሮ ስትመለስም የሆነውን ሁሉ ለአለቆቿ ነገረች፤ በስቴፈን ላይ የሳቀችውን ሳይቀር። ሁለተኛ የማንኛውም ሰፈር ወግ ሳይጣራ ሠራተኛ እንዳይመደብ ጠየቀች።

ኒካው አሳለው፤ ከዚያ ዳነ። በግንቦት የተደረገው ዙር የተሰጠው በኛኩዎል ግቢ ነው። የከተበችው ከኢታንግ የመጣች ሴት ነበረች፤ ስቴፈን ያን ቀን ከድልድዩ ማዶ ተመድቦ ሲሠራ ዋለ።